የክረምት እንጀራ፤ በራያ ቆላ የወቅት ሥራና የጉልት ንግድ ታሪክ

የአገር ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ አስቀድሞ የሚነሣው የነገሥታት ስም፥ የጦርነት ቀንና የወሰን ነገር ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ መንግሥት ያለ ታሪክ፥ ታሪክም ያለ መንግሥት አይቆምምና። ነገር ግን ከዚህ ታላቅ ታሪክ ጎን ለጎን የሚሄድ፥ ጸሓፊው ያነሰ ሌላ ታሪክ አለ። እርሱም ጎተራው በሰኔ የተራቆተበት ገበሬ አዲሱ እሸት እስኪደርስለት ድረስ ምን ሠርቶ፥ ምን ሸጦ፥ ወዴትስ ሄዶ ቤተ ሰቡን እንዳኖረ የሚያስረዳው ታሪክ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ የመረጥነው አገር ቆቦና በዙሪያዋ ያለው የራያ ቆላ ነው። የመረጥንበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ ይህ ቆላ ደጋ፥ ሜዳና በረሓ የሚገናኙበት፥ ታላቁም የሰሜን አውራ ጎዳና የሚያልፍበት ስለ ሆነ፥ ሥራ ፈላጊና ጥቃቅን ነጋዴ በየዘመኑ እንዴት እንደ ኖረ ግልጽ አድርጎ ያሳያል። ሁለተኛ፥ በዚህ አገር የወቅት ሥራ ማግኘትና ማጣት የትርፍ ገቢ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ በክፉ ዘመን የሞትና የሕይወት ጉዳይ እንደ ነበረ ከዚህ በታች እናያለን።

ምድሩና ወራቱ

ቆቦ ከአዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ከወልድያ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ርቃ የምትገኝ የሰሜን ወሎ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 1,470 ሜትር ገደማ ነው። በምዕራብ በኩል የላስታና የግዳን ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሞላታል፤ በምሥራቅ በኩል የዞብል ተራራ ከአፋር በረሓ ይለያታል። በሁለቱ መካከል የተዘረጋው ሜዳ አፈሩ ወፍራም፥ ዝናሙ ግን የማይታመን ነው። ስለዚህ የራያ ገበሬ ከሰማይ የሚወርደውን ብቻ አይጠብቅም፤ ከደጋው በጎልና፥ በሆርማትና በሌሎችም ወንዞች የሚመጣውን ጎርፍ በቦይ እየመለሰ ማሳውን ማጠጣት ከአባቶቹ የወረሰው ጥበብ ነው። ደጋው ሲዘንብ ቆላው ይጠጣል፤ ደጋው ሲነጥፍ ቆላውም አብሮ ይደርቃል።

የአገሩ ዋና እህል ማሽላ ነው፤ ጤፍም ይከተለዋል። ማሽላ ብዙውን ጊዜ በሚያዝያና በግንቦት ተዘርቶ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። እንግዲህ ሰባት ወር ያህል በምድር ላይ ይቆያል ማለት ነው። ያለፈው ዓመት እህል ግን መሬቱ ጠባብ በሆነው ገበሬ ቤት ብዙ ጊዜ ከሐምሌ በፊት ያልቃል። ስለዚህ አረሙ የሚበረታበት ክረምት ራሱ ጎተራው ባዶ የሚሆንበት ወራት ነው። ከአጨዳና ከውቂያ በኋላ ደግሞ፥ ከጥር እስከ መጋቢት፥ ሆድ ጥቂት ይጠግባል፤ እጅ ግን ሥራ ይፈታል። በክረምት እህል ይጎድላል፤ በበጋ ሥራ ይጎድላል። የወቅት ሥራና የጥቃቅን ንግድ ታሪክ የነዚህ የሁለቱ ጉድለቶች ታሪክ ነው።

በእርግጥ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ጉልበቱን በጉልበት የሚለዋወጥበት ደቦና ወንፈል ነበረው፤ አሁንም አለው። ነገር ግን ደቦ ማሳን ያሳርማል፥ ለዕለቱም ጠላና እንጀራ ያበላል እንጂ ጥሬ ገንዘብ አያስገኝም። ግብር ለመክፈል፥ ጨርቅ ለመግዛት፥ ከዚያም ወዲህ ልጅ ለማስተማር ገንዘብ በሚያስፈልግበት ጊዜ ሰው ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረበት። ያም መንገድ ወይ ወደ ገበያ ወይ ወደ ሩቅ አገር የሚወስድ ነበር።

ጥንታዊው ገበያ

የዚህ አገር ገበያ ትናንት የተተከለ አይደለም። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል አገር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ስለ ጉዞው የጻፈው መጽሐፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1540 በሊዝቦን ታትሟል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ወደ አንጎት ምድር ሲቃረብ ማናደሌይ ብሎ ስለ ጠራት የነጋዴ ከተማ ያወራል። በዚያች ከተማ ታላቅ ገበያ ይቆም እንደ ነበረ፥ ከቀይ ባሕር ማዶ፥ ከግብፅና ከሕንድ ወገን ሳይቀር ነጋዴዎች ይታዩባት እንደ ነበረ ይመሰክራል። በቆላው የሚኖሩት ዶባ የተባሉት ሕዝቦች መንገዱን አስፈሪ ስላደረጉት ነጋዴው ሁሉ ተሰባስቦ በቅፍለት ይጓዝ ነበር። በአንጎትም ከጨው ሌላ የብረት ቁራጭ እንደ ገንዘብ ሆኖ ይሠራበት እንደ ነበረ ይኸው ጸሓፊ ይነግረናል።

ከዚህ ሁሉ ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅመው የጨው ነገር ነው። አሞሌ በአፋር ዝቅተኛ በረሓ እየተቆረጠ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር፤ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያም ከማርትሬዛ ብር ጋራ ጎን ለጎን እንደ ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል። አሞሌ ከተቆረጠበት ስፍራ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ አልቫሬስም ይህን አስተውሎ ጽፎታል። ይህም ካፒታል የሌለውን ሰው አንድ ነገር አስተማረው፤ ይኸውም ጉልበትና መንገድ ራሳቸው ገንዘብ መሆናቸውን ነው። ጨው ከተራራው ወዲያ ርካሽ፥ ከተራራው ወዲህ ውድ ከሆነ፥ በጀርባው ተሸክሞ ተራራውን የተሻገረ ድኃ በልዩነቱ እንጀራ ይበላል።

የራያ ቆላም ለዚህ ዓይነት ንግድ የተፈጠረ ይመስላል። ከደጋው ገብስ፥ ባቄላና በግ ይወርዳል፤ ከሜዳው ማሽላና ጤፍ ይቀርባል፤ ከበረሓው ጨው፥ ፍየልና ቅቤ ይመጣል። ታላላቆቹ ነጋዴዎች በግመልና በበቅሎ ሲነግዱ፥ በገበያው ዳር መሬት ላይ የተቀመጡት ሴቶች ደግሞ በርበሬውን፥ ጨውን፥ ሽንኩርቱንና ጌሾውን በትንንሽ መደብ እየከፈሉ ይሸጡ ነበር። ይህ ነው እስከ ዛሬ ጉልት የምንለው።

የጉልት ንግድ አሠራር ቀላል መስሎ ይታያል እንጂ ጥበብ አለው። አንዲት ሴት በቁና የገዛችውን በጣሳና በስኒ ትሸጣለች፤ ትርፏ ያለው በማከፋፈሏ ነው። በቁና ለመግዛት ገንዘብ የሌለው ጎረቤቷ በስኒ ይገዛታልና እርሷም ትጠቅመዋለች፥ እርሱም ይጠቅማታል። በአንድ ሳምንት መነሻዋን አንድ ጊዜ ብታዞር ቤቷን ታበላለች፤ ሁለት ጊዜ ብታዞር ለዕቁብ የምትጥለው ታገኛለች። ዕቁቡ በደረሳት ቀን ደግሞ የመነሻ ገንዘቧ ያለ ወለድ ያድጋል። ሕመም ወይም ለቅሶ መጥቶ መነሻው ከተበላ ግን ንግዱ በዚያው ቀን ይሞታል፤ ያን ጊዜ የሚጠብቃት አራጣ አበዳሪ ነው። ስለዚህ የጥቃቅን ነጋዴ ዋና ጠላት የትርፍ ማነስ ብቻ አይደለም፤ መነሻን የሚበላ ድንገተኛ ችግር የበለጠ ጠላት ነው። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አውራ ጎዳናው ያመጣው ለውጥ

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የተደረገውን ጦርነትና ከዚያም በኋላ በአሸንጌ በኩል የሆነውን መራራ ሽሽት ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ጠላት አገሩን ከያዘ በኋላ ጦሩንና ስንቁን ለማመላለስ ሲል ከአስመራ በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚደርሰውን አውራ ጎዳና ሠራ። መንገዱ የተሠራው ለገዢው ጥቅም ነበር፤ ነገር ግን ጥርጊያውን የጠረገው፥ ድንጋዩን የፈለጠው ከኢጣልያኖቹ ሠራተኞች ጋራ አብሮ የዋለው የአገሩ ሰው ነው። በብዙ የገጠር ሰፈር ሰው ጉልበቱን በቀን ሒሳብ ለጥሬ ገንዘብ መሸጥ የለመደው በዚያን ጊዜ ነው። ካቦ፥ ካሚዮን፥ ሊስትሮ የሚሉት ቃላት ከአፋችን ሳይወጡ መቅረታቸው የዚያ ዘመን አሻራ ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነፃነት ከተመለሰ በኋላ መንገዱ ለባለቤቱ ቀረ። በ1935 ዓ.ም. በራያና በደቡብ ትግራይ የተነሣው ዐመፅ ካለፈ በኋላ የጭነት መኪናና አውቶቡስ እየበዛ ሄደ። እዚህ ላይ አንድ ታላቅ ለውጥ ሆነ። የቀድሞው ገበያ በሳምንት የተወሰነ ቀን የሚቆም ነበር፤ መኪና ግን ቀን አይመርጥም። ሾፌር ዛሬም ነገም ይርበዋል፤ ተሳፋሪ በየቀኑ ውሃ ይጠማዋል። ስለዚህ በየዕለቱ ሻይ የሚያፈላ፥ ቆሎ የሚቆላ፥ እንቁላል የሚቀቅል፥ ዕቃ የሚያወርድና የሚጭን ሰው አስፈለገ። በመንገዱ ዳር ያሉት ከተሞች ሁሉ፥ ቆቦም አብራ፥ የገበያ ቀን ብቻ ከሚደምቅ ሰፈር የዘወትር ንግድ ወዳለበት ከተማነት የተሻገሩት በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያን ዘመን ቆላ መውረድ ለደገኛ ሰው አስፈሪ የነበረው በወባ ምክንያት ነው። በ1940ዎቹ ማብቂያ መንግሥት ወባን ለመከላከል የሙከራ ሥራ ካስጀመረባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱ የቆቦና የጨርጨር ሜዳ ነበር። በ1950 ክረምት ጀምሮ እስከ 1951 ዓ.ም. በደጋና በወይና ደጋ የተነሣው ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ወደ 150,000 የሚጠጋ ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። የሙከራው ሥራ ትርጉም ከጤና በላይ መሆኑን ማስተዋል ይገባል፤ ወባ በቀነሰበት ቆላ ሠራተኛ ወርዶ ይሠራል፥ ነጋዴም ወርዶ ይነግዳልና።

ወደ ጥጡና ወደ ሰሊጡ አገር

በ1950ዎቹ የወቅት ሥራ መልክ እንደገና ተለወጠ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለ ሥልጣን ተቋቋመ፤ በዚያው ጊዜ ገደማ በታችኛው አዋሽ የተንዳሆ የጥጥ እርሻ ተጀመረ። በሰሜን ምዕራብ ደግሞ በሰቲት ሑመራ ሰፊ የሰሊጥ፥ የጥጥና የማሽላ እርሻ ተከፈተ። እነዚህ እርሻዎች ዓመቱን በሙሉ ብዙ ሰው አይፈልጉም፤ አረም በሚታረምበት፥ ሰሊጥ በሚታጨድበትና ጥጥ በሚለቀምበት ጊዜ ግን በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር እጅ ይሻሉ። ሰሊጥ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው ተፈልቅቆ መሬት ላይ ይፈሳል፤ ጥጥም ሳይለቀም ቢቆይ ይበላሻል። ስለዚህ ባለ እርሻው የሚቸኩልበትና ድኃው ሥራ የሚፈልግበት ወራት ተገናኘ።

ከወሎ፥ ከትግራይ፥ ከበጌምድርና ከኤርትራ ሠራተኛ ይጎርፍ ጀመር። ከራያ ወገን የሚነሣው ወደ ደቡብ ወርዶ በኮምቦልቻና በባቲ በኩል ወደ ሚሌ፥ ከዚያም ወደ ዱብቲ የሚደርሰውን መንገድ ይይዛል፤ ሌላው ደግሞ ወደ ሑመራ ይሻገራል። ቡና ለቀማ ወደ ጅማ የሚሄድም ነበር። የሚሄደው ማን ነው? ብዙ መሬት ያለው ገበሬ በራሱ አጨዳ ጊዜ ማሳውን ጥሎ አይሄድም። የሚሄደው መሬት ያልደረሰው ታናሽ ልጅ፥ የሰው መሬት የሚያርሰው ጭሰኛ፥ በሬ የሞተበት ገበሬና በሰው ቤት ያደረ ሎሌ ነበር። በበረሓው ሙቀት፥ በወባና በካቦ ቁጣ መካከል ሠርቶ ያተረፋትን ገንዘብ በመቀነቱ ቋጥሮ ይመለሳል። በዚያችም ገንዘብ በሬ የገዛ፥ ጎጆ የወጣ፥ ትንሽ ሱቅ የከፈተ ብዙ ነው።

ይሁን እንጂ የአንዱ እንጀራ የሌላው ጉዳት የሆነበት ወገንም አለ። የአዋሽ ዳር ለም ሣር የአፋር አርብቶ አደር ከብቱን በበጋ የሚያሰማራበት መሸሻው ነበር። ይህ መሬት ለጥጥ በተከለለ ጊዜ አፋሩ በድርቅ ዓመት የሚጠጋበት ስፍራ አጣ። የዚህም ውጤት ከጥቂት ዓመታት በኋላ በግልጽ ታየ።

የ1965 ዓ.ም. ረኀብ ያስተማረው

በ1964 ክረምት ዝናሙ ጎደለ፤ የ1965 በልግም አልያዘም። በ1965 ዓ.ም. በወሎ የሆነው ጥፋት የሚታወቅ ነው። ረኀብተኛው ሁሉ ተስቦ የወጣው ወደዚያው አውራ ጎዳና ሲሆን፥ ከደሴ እስከ አላማጣ ባሉት ከተሞች ዳር የወደቀው ሰው ብዛት ለማየት የሚከብድ ነበር። የሟቹ ቁጥር በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር እንደ ሆነ፥ ከዚያም በላይ የሚያደርሱት እንዳሉ ግምቶች ያሳያሉ። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በቴሌቪዥን በታየ ጊዜ ዓለም ሁሉ ነገሩን ዐወቀ።

ከዚህ በኋላ ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ባሳተመው የድኅነትና የረኀብ መጽሐፍ የወሎን ነገር በጥልቅ መረመረ። ያገኘው ነገር ብዙዎችን አስደነቀ። በዚያ የረኀብ ዓመት የመላው ኢትዮጵያ ምርት የቀነሰው በመጠኑ ብቻ ነበር፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ከወትሮው እጅግ አልናረም። እንዲያውም ከወሎ እህል ተጭኖ ወደ ሌላ አገር የሄደበት ጊዜ ነበር። ታዲያ ሰው ስለ ምን ሞተ? በወሎ ማሳ የደረቀበት ገበሬ ከምርቱ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውንም አጣ። የሚሸጥ ስለሌለው የሚገዛበት አልነበረውም፤ ገዢ በሌለበት ገበያ ደግሞ ዋጋ አይወጣም፥ ነጋዴም እህል አያመጣም። ሴን ቀድመው ከተጎዱት መካከል የሚቆጥራቸው ከጌታቸው የተባረሩ የእርሻ ሎሌዎችን፥ ቀን ሠራተኞችን፥ የቤት አገልጋዮችን፥ ሸማኔዎችንና ሌሎች የእጅ ሥራ ሰዎችን ነው። የግጦሽ መሬቱን ያጣው የአፋር አርብቶ አደርም ከክፉኛ ተጎጂዎቹ አንዱ ነበር።

ይህን በእኛ አነጋገር ስናስቀምጠው፥ ገበሬው ማሳው ሲደርቅበት ሸማ አይገዛምና ሸማኔው ይራባል፤ ሎሌውን ያሰናብታልና ሎሌው ይራባል፤ ጉልት የተቀመጠችው ሴትም ገዢ ታጣለች። የረኀብ መንገድ ከማሳ ተነሥቶ በገበያ በኩል ያልፋል። ስለዚህ በክፉ ዓመት እህል ማከፋፈል አስፈላጊ ቢሆንም በቂ አይደለም፤ ሰው ሠርቶ የሚገዛበት ገንዘብ እንዳይጠፋ አስቀድሞ መጠበቅ ያስፈልጋል። የወቅት ሥራ የሕይወት መድን ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

በሮች የተዘጉበት ዘመን

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ቁጥር 31 ጭሰኛውን የመሬት ባለ ይዞታ አደረገው። ይህ በራያ ገበሬ ታሪክ ትልቅ ነገር መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ይኸው ዐዋጅ ገበሬ መሬቱን በቅጥር ሠራተኛ እንዳያሳርስ ከለከለ፤ የተፈቀደውም ሌላ መተዳደሪያ ለሌላት ሴት፥ ለታመመ፥ ለሸመገለና ለመሳሰለው ብቻ ነበር። ታላላቆቹም እርሻዎች ወደ መንግሥት ዞሩ። የዐዋጁ ሐሳብ ሰው በሰው ጉልበት እንዳይከብር ነበር፤ በወቅት ሥራ የሚኖረው ደኃ ግን ከለመዳቸው በሮች ብዙዎቹ ተዘጉበት። ከገበሬ ማኅበሩ የይለፍ ወረቀት ሳይዙ ከአገር አገር መዘዋወር አስቸጋሪ ሆነ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከተቋቋመ በኋላም በየኬላው የእህል ዝውውር ይታገድ ስለ ነበር፥ አንድ ኩንታል በአህያ ጭኖ ከትርፍ አገር ወደ ጉድለት አገር የሚያደርሰው ትንሽ ነጋዴ እንደ አሻጥረኛ ይታይ ጀመር።

በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሲደገም፥ ጦርነቱም ተጨምሮበት፥ የራያ ቆላና የአጠገቡ ደጋ እንደገና የሐዘን ምድር ሆነ። ከቆቦ በስተ ሰሜን ያለችው የኮረም ስም ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በተላለፈው የቢቢሲ ዜና በዓለም ሁሉ ተሰማ። ከወሎ፥ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ አገሮች በሠፈራ ተወሰደ። የድርቁን ምክንያት በአንድ ዐዋጅ ላይ መጫን ፍርድ አይሆንም፤ ነገር ግን ድርቅ በመጣ ጊዜ ሰው ወደ ሥራ እንዳይሄድ፥ እህልም ወደ ሰው እንዳይመጣ መንገዱ ጠቦ መገኘቱ ጥፋቱን እንዳከበደው መካድ አይቻልም። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መርሖ ሲታወጅ የእህል ንግድ ነፃ ሆነ፤ ትንሹ ነጋዴም ወደ መንገዱ ተመለሰ።

በለስና ሱቅ በደረቴ

እስከ አሁን ስለ ጎልማሳው ተናገርን፤ ስለ ተማሪውና ስለ ወጣቱ ደግሞ ጥቂት እንበል። የትምህርት ቤት በር የሚዘጋው በክረምት ነው፤ እንዳየነውም የቤት ጎተራ ባዶ የሚሆነው በዚያው ወራት ነው። ስለዚህ የድኃ ልጅ ክረምት የዕረፍት ጊዜ ሆኖ አያውቅም። የደብተርና የልብስ ገንዘብ መገኘት ያለበት ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ለዚህ የተፈጥሮ ስጦታ የሆነው በለስ ነው። በለስ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ቁልቋል ቢሆንም በራያና በትግራይ ኮረብታ እንደ አገር ተክል ሆኖ ተስፋፍቷል። ፍሬው የሚደርሰው በክረምት፥ ያውም እህል በሚጠፋበት ወራት መሆኑ እግዚአብሔር ለድኃ ያዘዘው ያስመስለዋል። መነሻ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ባልዲ፥ ቢላዋና እሾሁን የሚታገሥ እጅ ይበቃል። ከአላማጣ እስከ ማይጨው ባለው መንገድ ዳር ልጆች በለስ እየላጡ ለመንገደኛ ሲሸጡ የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው። በአዲስ አበባ አስፋልት ላይም በክረምት በለስ የሚልጠው ወጣት ብዙ ጊዜ ከሰሜን የመጣ ነው። በ1990ዎቹ ግን ለቀይ ቀለም ማምረቻ ተብሎ ወደ ትግራይ የገባው ኮቺኒል የተባለ ተባይ ከታሰበለት ስፍራ አምልጦ በራያ ወገን ያለውን በለስ በሰፊው አጠፋው። በመዝገብ ያልተቆጠረ የድኃ ሀብት በቀላሉ ሊጠፋ እንደሚችል ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ከአገሩ ወጥቶ ወደ ከተማ የሚገባው ወጣት ደግሞ የሚጀምርበት የታወቀ መሰላል አለ። መጀመሪያ ሊስትሮ ወይም ተሸካሚ ይሆናል። ጥቂት ሲያጠራቅም ሣጥን በአንገቱ አንጠልጥሎ ማስቲካ፥ ክብሪት፥ ሲጋራ፥ መስተዋትና ማበጠሪያ እየዞረ ይሸጣል፤ ሕዝቡም በቀልድ ሱቅ በደረቴ ብሎታል። ከዚያ በመንገድ ዳር ዕቃውን ይዘረጋል፤ በመጨረሻም ዕድልና ጥረት ከረዳው ባለ ሱቅ ይሆናል። በአዲስ አበባ መርካቶ ከታላላቆቹ ነጋዴዎች ብዙዎቹ፥ ይልቁንም ከጉራጌ አገር የመጡት፥ በዚህ መሰላል የወጡ ናቸው። ሱቅ በደረቴውን በንቀት የሚመለከት ሰው የነገውን ታላቅ ግብር ከፋይ እየናቀ መሆኑን አያውቅም።

የቅርቡ ዘመን

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት ስለ ጥቃቅን ንግድ ያለው አመለካከት ተለወጠ። በ1990 ዓ.ም. ብሔራዊ የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልማት ስትራቴጂ ወጣ፤ ይህንም የሚያስፈጽም መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። በአማራ ክልል የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በሕጋዊ ፈቃድ እየሠራ ለገበሬውና ለጉልት ነጋዴዋ ያለ ቤት ዋስትና፥ በቡድን ዋስትና ያበድር ነበር፤ በኋላም ጸደይ ባንክ ሆኗል። በቆቦና በጊራና ሸለቆም የከርሰ ምድር ውሃ በጉድጓድ እየወጣ መስኖ ተስፋፋ። ሽንኩርትና ቲማቲም በበጋ ሲመረት ያን ጊዜ ሥራ ይፈታ የነበረው እጅ በአገሩ ሥራ የሚያገኝበት ዕድል ተከፈተ። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ሠራተኛውን ወደ ሩቅ ከመስደድ ሥራውን ወደ ሠራተኛው ማምጣት ነውና።

በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ሴፍቲኔት የተባለው ፕሮግራም ተጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ወደ አምስት ሚሊዮን ለሚጠጋ ሰው፥ ጉልበት ያለውን መንገድና እርከን እያሠራ፥ አቅመ ደካማውን ያለ ሥራ እየረዳ፥ ገንዘብ ወይም እህል ይሰጥ ነበር። የሐሳቡ መሠረት ከላይ ካየነው ከ1965ቱ ትምህርት ጋራ የሚስማማ ነው፤ ድኃው በሬውንና መነሻውን ሸጦ ሳይጨርስ በክፉው ወራት ሥራ ይድረስለት ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ቢደረግም የራያ ወጣት እግር አልተገታም። ከ1990ዎቹ ወዲህ ብዙው በአፋርና በጅቡቲ በረሓ፥ ባሕሩንም በትንሽ ጀልባ ተሻግሮ፥ በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ይሄዳል። በመንገድ ውሃ ጥም፥ ማዕበልና አፋኝ ይጠብቁታል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተባረው በተመለሱ ጊዜ የዚህ ፍልሰት ስፋት ታወቀ። አባቱ ወደ ዱብቲ ጥጥ ለቀማ፥ አያቱ ወደ ድንጋይ ፈለጣ ሄዶ ነበር፤ ልጁ ደግሞ ባሕር ይሻገራል። መንገዱ ረዘመ እንጂ ምክንያቱ ያው ነው። በሐምሌ 2013 እና እንደገና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ቆቦ በገባ ጊዜ ደግሞ የሰው ሕይወት ጠፋ፥ ሱቅ ተዘረፈ፥ ገበያ ተበተነ። የጉልት ነጋዴዋ መነሻ ገንዘብ በጦርነት ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋ፥ ከሁሉ ዘግይቶ የሚመለስ ሀብት ነው፤ ማንም ካሣ አይጽፍለትምና።

ከታሪኩ የምንወስደው

ይህ ታሪክ ለሦስት ወገን ሦስት ነገር ይናገራል። ለሹማምንት የሚናገረው ይህ ነው። ደንብ ሲወጣ፥ ጎዳና ሲጸዳ፥ ኬላ ሲቆም፥ በዚያ ደንብ የክረምት እንጀራው የሚዘጋበት ሰው አለ ወይ ብሎ መጠየቅ የአስተዳደር ሥራ ክፍል ነው። የከተማ ንጽሕና ተገቢ ነው፤ ሆኖም ሚዛኗንና መደቧን ከመንገድ ዳር ያነሡባት ሴት የምትቀመጥበት ሌላ ስፍራ ገዢ በሚያልፍበት በኩል ካልተዘጋጀላት፥ የተወሰደባት ዕቃዋ ብቻ አይደለም፤ ለዓመታት በስኒ እየሰፈረች ያከማቸችው መነሻዋ ነው። ከ1965 እና ከ1977 ዓ.ም. የተማርነው፥ የድኃ መንገድ በደኅናው ዘመን ሲጠብ ጉዳቱ የሚታየው በክፉው ዘመን መሆኑን ነው።

ለመምህራን የሚናገረው፥ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ዘግይቶ የሚመጣውን ተማሪ ሁሉ በስንፍና እንዳይፈርዱበት ነው። ምናልባት የሰሊጥ አጨዳው አላለቀለት፥ ወይም የደብተሩ ገንዘብ ገና አልሞላለት ይሆናል። በሒሳብ ትምህርት የቁናና የጣሳን ልዩነት፥ በታሪክ ትምህርትም የአሞሌን መንገድ ቢያስተምሩት፥ ተማሪው የእናቱን ሥራ ከመጽሐፍ ውስጥ አግኝቶ ያከብረዋል።

ለተማሪዎች ደግሞ የሚለው አጭር ነው። በክረምት በለስ መላጥ፥ ቆሎ መሸጥ፥ ዕቃ መጫን የሚያሳፍር ሥራ አይደለም፤ እጅግ አሮጌ የሆነ፥ ብዙ ሕዝብ ከሞት ያወጣ ሥራ ነው። ነገር ግን መነሻህን ከትርፍህ ለይተህ አስቀምጥ፤ ዕቁብ ግባ፥ ከአራጣ ሽሽ፤ ደላላ ወርቅ ተስፋ እየሰጠ ወደ በረሓ ሲጠራህም ከሄዱት መካከል የቀሩትን ጠይቅ እንጂ የተመለሱትን ብቻ አትስማ።

በቆቦ ሜዳ ላይ ጎርፉ ከደጋ ሲመጣ ገበሬው ቦዩን አስቀድሞ ቆፍሮ ይጠብቀዋል፤ ያልተቆፈረ እንደ ሆነ ያው ውሃ ማሳውን አጥቦ ይሄዳል። የወጣቱም ጉልበት በየክረምቱ እንዲሁ ይወርዳል። ቦዩ ተቆፍሮ ቢጠብቀው አገሩን ያጠጣል፤ ባይጠብቀው ግን በዞብል ተራራ በኩል ወደ በረሓው፥ ከዚያም ወደ ባሕሩ መፍሰሱን አይተውም።